ስለ ባለቤትና ስለ ጨረቃ ቤት

ሰው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እስኪቀበር ድረስ ከመሬት ሳይጠጋ ሊኖር አይችልም። ልብስ ቢያጣ ይታገሣል፤ ምግብም ቢያጣ አንድ ቀን ሁለት ቀን ይጾማል፤ ነገር ግን የሚቆምበትና የሚተኛበት ቦታ ካጣ ለአንዲት ሌሊት እንኳ እንደ ሰው ሆኖ ማደር ያስቸግረዋል። ስለዚህ በዓለም ላይ ከተነሡት ክርክሮች ሁሉ የመሬት ክርክር የበረታ ሆነ። አባቶቻችን «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ያሉትም ይህን በማየት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ምዕራፍ አንድ ጥያቄ አቀርብልሃለሁ። ጥያቄው ለመስማት ቀላል ነው፤ ለመመለስ ግን እኔን ራሴን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ይኸውም፦ አንድ ሰው የራሱ ባልሆነ ቦታ ላይ ቤት ሠርቶ ቢገኝ፥ ሌላ መግቢያም ባይኖረው፥ ባለቤቱ በሕግ ኃይል ሊያስወጣው ይገባዋልን? ሕግ የፈቀደልን ነገር ሁሉ ልናደርገው የሚገባ ነገር ነውን?

በከተሞቻችን ዳር ያለ ፈቃድ በአንድ ሌሊት ተሠርቶ የሚያድረውን ጎጆ ሕዝባችን «የጨረቃ ቤት» ይለዋል። ይህ ስም ሁለት ነገር በአንድነት ይናገራል። አንደኛ፥ ሠሪው ባለቤቱና ሹሙ እንዳያዩት ከፀሐይ መሸሹን ይገልጣል። ሁለተኛ፥ ያ ሰው ቀን ቀን ለዕለት እንጀራው ሲደክም ውሎ፥ ሌሊት ደግሞ እንቅልፉን ትቶ አጠና ሲያቆምና ጭቃ ሲያቦካ እንደሚያድር ይገልጣል። የመጀመሪያው የሌባ ምልክት ነው፤ ሁለተኛው የታታሪ ሰው ምልክት ነው። እንግዲህ በአንድ ጎጆ ውስጥ ሌብነትና ትጋት አብረው ሲያድሩ ዳኛው የትኛውን አይቶ ይፍረድ?

ነገሩ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት መናገሻቸው ያደረጓት ጎንደር በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 112,249 ሰው ይኖርባት ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ግን ቍጥሩ 207,044 ሆኖ ተገኘ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የአንዲት ከተማ ሕዝብ እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ፥ ለሚጨመረው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ተሠርቶ የሚጠብቅ ቤት የለም። በደጋው የመሬት ጥበት የገፋው ወጣት፥ ኋላም ጦርነት ያፈናቀለው ቤተሰብ፥ ሁሉም ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ይወርዳል። በዚያም የሚያገኘው መሬት ባዶ ይመስላል እንጂ ባለቤት የሌለው አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ባለቤቱ እንናገር። በዘመናችን ስለ ድኻ የሚያዝን ሰው ባለቤትን ሁሉ እንደ ባለጸጋ የመቍጠር ልማድ አለው። ይህ ግን ስሕተት ነው። አጥር ያጠረ፥ ዘበኛ የቀጠረ፥ ጠበቃ የያዘ ሰው ሕግ ባይኖርም ቦታውን ራሱ ይጠብቀዋል። ሕግ የሚያስፈልገው ራሱን በራሱ መጠበቅ ለማይችል ሰው ነው። በወገራ ወይም በዳባት ያለችውን መበለት እንመልከት። በሬ ስለሌላት መሬቷን ለጎረቤቷ በእኩል ትሰጠዋለች። ጎረቤቷ ሦስት አራት ዓመት ካረሰው በኋላ «ላቤን ያፈሰስሁበት እኔ ነኝ» ማለት ይጀምራል፤ ወሰኑንም በየዓመቱ አንድ ክንድ አንድ ክንድ ይገፋዋል። በሽማግሌ ፊት ሲቀርቡም እርሱ ዘመድ ያሰልፋል፤ እርሷ ግን ብቻዋን ትቆማለች። በክልላችን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በስሟ ተጽፎ የተሰጣት ሴት፥ ያ ደብተር በሣጥኗ ውስጥ እንደ ወንድም ሆኖ ይቆምላታል። እንግዲህ «የባለቤት መብት ይከበር» ብሎ መናገር ለባለጸጋ መወገን ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ለደካማ መቆም ነው።

የጎንደር ሰዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት በከተማይቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት የሪም መሬት ሲሸጥና ሲለወጥ፥ ውሉ በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ የሻጩም የገዢውም የምስክሮቹም ስም ተመዝግቦ ይቀመጥ ነበር። የተቀደሰው መጽሐፍ ኅዳግ የመሬት መዝገብ መሆኑ ለዛሬ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለዋል። ዳሩ ግን ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ሰው ይሞታል፥ ምስክርም ይረሳል፥ ብራናው ግን በቤተ መቅደስ ውስጥ ይኖራል። ቃላቸው ከራሳቸው ዕድሜ እንዲረዝም ስለ ፈለጉ ከሁሉ ይልቅ በሚከበረው ቦታ አኖሩት።

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግም በዚህ ጕዳይ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ጥበብ አለው። በ1148ኛው አንቀጽ ባለይዞታ የሆነ ሰው ይዞታውን ሊነጥቀው የመጣውን በኃይል ለመከላከል ይችላል ይላል፤ በግፍ ወይም በስውር የተወሰደበትንም ወዲያውኑ ተከትሎ ማስመለስ ይችላል፤ ነገር ግን ሁኔታው ከሚያስገድደው በላይ ኃይል እንዳይሠራ ይከለክለዋል። ያ «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ካለፈ ግን የራስ ጉልበት ያበቃል። ከዚያ በኋላ በ1149ኛው አንቀጽ መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ዳኛ መሄድ አለበት።

ለምን እንደዚህ ሆነ? በመጀመሪያው ሰዓት ነጣቂው ነጣቂ ብቻ ነው። ሰንብቶ ግን ምድጃ ይተክላል፤ ልጅ ይወልዳል፤ ከጎረቤት ጋር ቡና ይጠጣል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ዱላ ይዞ ቢመጣ የሚመታው ነጣቂውን ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ከመሬት ክርክር ወደ ደም ይሸጋገራል። በደጋው አገራችን በወሰን ምክንያት የተጀመረ ደም እስከ ልጅ ልጅ መድረሱን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሕጉ ባለቤቱን «መብትህ የአንተ ነው፤ በትሩ ግን የእኔ ነው» ይለዋል። «በሕግ አምላክ!» ሲባል መንገደኛው ሁሉ እንዲቆም ያደረገው የአባቶቻችን ሥርዐት ከዚህ የተለየ ትምህርት አልነበረውም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀና ነው። ነገር ግን አሁን አስቸጋሪ ወደሆነው ስፍራ እንደርሳለን። በሰው ቦታ ላይ የተቀመጠ ማን ነው? ይህን ስም የሚሰጠው ሕጉ ከሆነ፥ ሕጉ ራሱ ያጠፋ እንደ ሆነስ?

ከአገራችን ታሪክ ሦስት ምሳሌ ላቅርብ። የመጀመሪያው የቤተ እስራኤል ነገር ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፥ ክርስትናን ያልተቀበለ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተወሰነ ተብሎ ይተረካል። ከዚህም በኋላ ርስት የሌለው ስደተኛ ማለት የሆነው ቃል የእነዚህ ሰዎች መጠሪያ ሆኖ ኖረ። በጎንደር ግንብ ሲገነባ ድንጋይ ያለዘቡ፥ ብረት የቀጠቀጡ፥ ሸክላ የሠሩ እጆች፥ ያው ከመሬቱ የተነቀሉት ሰዎች እጆች ነበሩ። በተወለዱበት አገር በሰው መሬት ላይ እንደ ተጠጉ ተቈጠሩ። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ከዐሥራ አራት ሺህ የሚበልጡት በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ ያ የቆየ ውሳኔ ከመነሻዎቹ አንዱ እንደ ነበረ ማን ይክዳል?

ሁለተኛው ምሳሌ በሰሜን ተራራ ላይ ነው። መንግሥት በ1962 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ አቋቋመ። ዋልያን የመሰለ በሌላ ዓለም የማይገኝ እንስሳ መጠበቁ መልካም ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም አገራችን ተከብራበታለች። ነገር ግን በፓርኩ ውስጥ ከአዋጁ አስቀድሞ ሲኖሩ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። የጊች መንደር ሰዎች ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ገብስ እያረሱና ከብት እያረቡ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። እነርሱ ወደ ፓርኩ አልሄዱም፤ ፓርኩ ወደ እነርሱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ፥ ከምክንያቶቹ አንዱ የሰፋሪው ሰውና የከብቱ ብዛት ነበረ። በመጨረሻ በ2008 ዓ.ም. 418 ቤተሰብ ካሳ ተሰጥቶት ከጊች ተነሥቶ በደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈረ፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

ይህ ነገር ጨርሶ ግፍ ነው አልልም። ምክር ተደርጎበታል፤ ገንዘብም ተከፍሎበታል፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከፓርኩ ጥግ በኃይል ከተነሡት ሰዎች ጋር ሲመዛዘን የተሻለ ነው። ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ በሬ ጠምዶ የኖረ ሰው በጥሬ ገንዘብ ከተማ ዳር ሲቀመጥ፥ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አስብ። ካሳ የቤትን ዋጋ ሊመልስ ይችላል፤ የሰውን ሙያ ግን ሊመልስ አይችልም።

ሦስተኛው ምሳሌ አዋጅ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። በደቡብ ያለው ጭሰኛ ከባለመሬቱ ቀንበር ስለ ወጣ ዘፈነ፤ ዘፈኑም በእውነት የሚገባው ነበር። ነገር ግን በጎንደርና በሌላም ከተማ፥ ጠላ እየጠመቀች ባጠራቀመችው ገንዘብ ሁለት ክፍል ሠርታ ስታከራይ የነበረች ሴት፥ እንደ ታላቁ ባለርስት ተቈጥራ ቤቷን ያለ ካሳ ለቀቀች። ሕጉ ብዙ ቤት በነበረው መስፍንና በዚህች ሴት መካከል አልለየም።

ይህን ሳስብ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት የናቡቴ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ለአትክልት ፈለገው፤ በልዋጩ የተሻለ ቦታ ወይም ገንዘብ ሊሰጠው ተናገረ። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ስለ ሆነ እንቢ አለ። ያን ጊዜ ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ደብዳቤ ጻፈች፤ በንጉሡ ማኅተም አተመችው፤ ሸንጎ አስቀመጠች፤ ሁለት ምስክሮች አቆመች፤ ናቡቴም ተፈርዶበት ተወገረ። ልጅ ሳለሁ በዚህ ታሪክ የሚያስደነግጠኝ ድንጋዩ ነበረ። አሁን ሳስበው ግን የሚያስደነግጠኝ ማኅተሙ ነው። ደብዳቤው፥ ሸንጎው፥ ምስክሩ፥ ፍርዱ፥ ሁሉም በሥርዐት የተፈጸመ ነበር። የጐደለው እውነት ብቻ ነው። እንግዲህ የሰውን ቦታ በጨረቃ የሚነጥቅ አለ፤ በማኅተም የሚነጥቅም አለ። በመጀመሪያው ላይ የሚጮኽ ሰው በሁለተኛው ላይ ዝም ካለ፥ የሚወደው የባለቤትን መብት ሳይሆን ኃይለኛውን ነው።

ደግሞ ስለ ጊዜ እንጠይቅ። «ርስት በሺህ ዓመቱ ወደ ባለቤቱ» የሚል ምሳሌ አለን። በሙሴ ሕግም የተሸጠ ርስት በኀምሳኛው ዓመት ወደ ቤተሰቡ እንዲመለስ ታዝዞ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በ1168ኛው አንቀጽ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለዐሥራ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ግብሩን የከፈለ ሰው ባለሀብት እንዲሆን ደነገገ። አንዱ ጊዜ መብትን አያጠፋም ይላል፤ ሁለተኛው ጊዜ መብትን ይወልዳል ይላል። ለእኔ የሚመስለኝ ሁለቱም የእውነት ክፍል አላቸው። ጊዜ ብቻውን ሌብነትን ጽድቅ አያደርገውም፤ ያማ ከሆነ የቆየ ሌባ ሁሉ ጻድቅ በሆነ ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይጠይቅ፥ መንግሥትም ዐሥራ አምስት ዓመት ግብር እየተቀበለ ዝም ካለ፥ ያ ዝምታ ራሱ ቃል ይሆናል። ሰው ደግሞ በተሰጠው ቃል ላይ ቤት ይሠራል።

በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ከተማ ብዙ ቤቶች ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ሲፈርሱ የተነሣው ሐዘን ከዚህ የመጣ ነው። ከነዋሪዎቹ ብዙዎች ውሃና መብራት አስገብተው፥ ግብርም ሲከፍሉ መኖራቸውን ተናገሩ። የከተማው ሹማምንት ደግሞ ቦታው ያለ ፈቃድ የተያዘ መሆኑን ተናገሩ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘን ቦታ በሰባት የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያለ ካሳ ለማስለቀቅ ሥልጣን ሰጠ። ትናንት ለተተከለ አጥር ሰባት ቀን ይበቃል። ለሰባት ዓመት ኑሮ ግን ሰባት ቀን ምንድር ነው?

በሌላውም ዓለም ሕዝቦች በዚሁ ጕዳይ ይጨነቃሉ። እንግሊዞች ባለቤት ባለው መኖሪያ ቤት ያለ ፈቃድ ገብቶ መቀመጥን እ.ኤ.አ. በ2012 ወንጀል አደረጉት። በአሜሪካም የፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ፥ ባለቤቱ ለሸሪፉ አመልክቶ የክርክሩን ርዝመት ሳይጠብቅ ያለ መብት የገባውን ሰው ወዲያውኑ እንዲያስወጣ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ባለቤት የገዛ ቤቱን ለማስመለስ ብዙ ወር ፍርድ ቤት ሲመላለስ ስላዩ ነው፤ ቍጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በዚያው ሕግ ውስጥ ያለ አግባብ የተባረረ ሰው መልሶ እንዲከስ መንገድ ትተውለታል። ደግሞም እዚያ የቤት መዝገብ የተጣራ ነው፤ ማን ባለቤት እንደ ሆነ በአንድ ቀን ይታወቃል። አንድ ቦታ ለሁለት ሰው ካርታ በሚሰጥበት አገር ፈጣን ሕግ ቢወጣ፥ የሚፈጥነው ስሕተቱ ነው። አስቀድሞ መዝገቡ ይጥራ፤ ከዚያ በኋላ ሕጉ ይፍጠን።

ይህን ሁሉ ስናገር ከነገሩ ውጭ ቆሜ አይደለም። እናቴ በከተማይቱ ዳር አንድ ነባር ይዞታ አውርሳኝ ሞተች፤ ካርታው በእጄ ነበረ። እኔ በወረዳ ሳስተምር ግን አጥሩ ወድቆ ቦታው ባዶውን ከረመ። ጡረታ ወጥቼ ስመለስ በላዩ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤትና አራት ልጆች ያሏት አንዲት ሴት አገኘሁ። ከገጠር ተፈናቅላ መምጣቷን፥ ሁለት ላም ሸጣ ቦታውን ከአንድ ደላላ መግዛቷን ነገረችኝ፤ ሦስት ምስክር የፈረሙበትንም የመንደር ውል አሳየችኝ። ደላላው ስልኩን ዘግቶ ጠፍቷል። ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር ቀርቶ ነበር።

ለፍርድ ቤት አመለከትሁ፤ ተፈረደልኝም። የፍርዱ አፈጻጸም ሐምሌ ውስጥ ዋለ። የጎንደርን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ዝናቡ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ወረቀቱን በኪሴ ይዤ በበሯ ስቆም፥ እርሷ አልጮኸችም፤ አልተራገመችም። «ጋሼ፥ እርስዎ ወረቀት አለዎት፤ እኔም ወረቀት ነበረኝ» አለችኝ። የምመልስላት ቃል አጣሁ። ወረቀቶቹ እኩል አለመሆናቸውን አውቃለሁ፤ እርሷ ግን ላሞቿን ስትሸጥ ይህን አታውቅም ነበር። ማንበብ የማትችልን ሴት በወረቀት ያታለለ ሰው በከተማው ውስጥ በሰላም ይኖራል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ንባብ ያስተማርሁ ሰው በወረቀት ላስወጣት በበሯ ቆሜአለሁ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እስከ ጥር ድረስ እንድትቈይ፥ ስትወጣም ቆርቆሮዋንና እንጨቷን ነቅላ እንድትወስድ፥ እኔም ኪራይ እንዳልጠይቃት ተስማማን፤ ስምምነቱም በፍርድ ቤቱ መዝገብ ገባ። በጥር ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ስጠይቃት በከተማይቱ ሌላ ዳር የሚያስጠጋት ሰው ማግኘቷን ነገረችኝ። ከአንድ የጨረቃ ቤት ወደ ሌላ የጨረቃ ቤት ሄዳ እንደ ሆነ አላጣራሁም። እውነቱን ለመናገር፥ ማጣራት ፈራሁ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ደግ ሰው አሉኝ፤ ሌሎቹም ሞኝ አሉኝ። እኔ ግን ከሁለቱም አንዱን እንኳ በደስታ ለመቀበል አልቻልሁም። ቦታውን ጨርሼ ብተውላት ኖሮ፥ ደላላው «የሸጥሁት ሁሉ ይጸናል» ብሎ በማግሥቱ የሌላውን ሙት ልጅ ቦታ ይሸጥ ነበር፤ ምሕረቴ ለእርሷ ሳይሆን ለእርሱ በተከፈለ ነበር። በሐምሌ ባስወጣት ኖሮ ደግሞ፥ መብቴን እስከ መጨረሻው ፍሬ ለቅሜ አራት ልጆች በዝናብ አሳድር ነበር። የስድስት ወሩ ጊዜ በዚህና በዚያ መካከል የተገኘ ጠባብ መንገድ ነው። ቅን ይሁን አይሁን አንተ ፍረድ። አንድ ነገር ግን በራሴ ላይ እፈርዳለሁ፦ አጥሩን ያላቆምሁት እኔ ነኝ። ቦታውን ዞሮ ያላየ ባለቤት ለሌባው በሩን ባይከፍትም ገርበብ አድርጎታል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርሁትን ባጭሩ ልናገር። አንደኛ፥ የባለቤት መብት የጸና ይሁን። በሕገ መንግሥቱ 40ኛ አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሎ ቢወሰንም፥ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ ያቆመው ቤት ግን የራሱ እንደ ሆነ፥ ለሕዝብ ጥቅም ቢወሰድም ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ ሊከፈለው እንደሚገባ ያው አንቀጽ ይናገራል። የአንዱ ችግር የሌላውን መብት አያጠፋም። የተራበ ሰው ሊሰጠው ይገባል፤ ከሁሉም ይልቅ ግን ባዶ ቤት ካለው አንድ ጎረቤት ላይ በግድ ሳይሆን፥ ከሁላችን በመዋጮ ሊሰጠው ይገባል። ለቤት የለሹ ቤት የመፈለግ ዕዳ የማኅበሩ ሁሉ ዕዳ ነው፤ አጥሩ የወደቀበት ባለቤት ብቻውን ሊከፍለው አይገባም።

ሁለተኛ፥ ሕግ አታላዩንና የተታለለውን ይለይ። የሰው ቦታ ሸንሽኖ የሚሸጠውን ደላላ፥ ገንዘብ ተቀብሎ ዐይኑን የሚጨፍነውንም ሹም ሳይነካ፥ መጨረሻ የገዛችውን ሴት ብቻ የሚያስወጣ ሕግ ግማሽ ሕግ ነው። ሦስተኛ፥ ማስወጣት ግድ በሆነ ጊዜ ማስጠንቀቂያ፥ መልስ የመስጠት ዕድልና ወቅት ይጠበቅ። በክረምት ቤት ማፍረስ ከመብት በላይ የሆነ ነገር ይወስዳል። አራተኛ፥ መንግሥት ለራሱ የሚያወጣው ሕግ በሰው ላይ ከሚያወጣው የላላ አይሁን።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ ነጠላ በነጠላ ተቋጥረው አብረው ይሄዱ ነበር። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቆማል፤ አንዱ ውሃ ሲጠጣ ሌላው ይጠብቃል። እንደዚህ ተቋጥረው ሲሄዱ ብዙዎቹ ዳኛው ዘንድ ሳይደርሱ በመንገድ ታርቀው ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ከሰው ጋር አንድ ቀን ሙሉ ተቋጥረህ ከሄድህ ተከሳሽ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለህና።

አንባቢዬ፥ አንድ ቀን አንተም በፍርድ ያሸነፍህበትን ወረቀት ይዘህ በሰው በር ላይ ትቆም ይሆናል። ወረቀቱን አትቅደደው፤ የደከሙ ሰዎች ሁሉ መጠጊያ እርሱ ነውና። ነገር ግን ከማንኳኳትህ በፊት ቀና ብለህ ሰማዩን እይ፤ ዝናብ ያዘለ እንደ ሆነ፥ መብትህ እስከ ጥር ድረስ ቢቈይ አያረጅም።